የቡና ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁን ጠይቁ

በእኛ በደብረ ታቦር ቡና ሲባል ጀበና ማለት ነው። ማኪያቶ ያማረው ካፌ ይሄዳል፤ ቡና የፈለገ ግን ቤቱ ወይም ጎረቤት ቤት ይጠጣል። ውጭ አገር ዘመድ ላለው ሰው ግን አሁን አሁን "የኤስፕሬሶ ማሽን ልላክልህ?" የሚል ጥያቄ መምጣቱ አልቀረም። ከክፍላችን ልጆችም "የትኛው ዓይነት ይሻላል?" ብለው የጠየቁኝ አሉ። የጠየቁኝ ባለሙያ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። አንድ ማሽን አቃጥዬ ስለማውቅ ነው። ይህን የምጽፈውም እናንተ ያንኑ ስህተት እንዳትደግሙት ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴን ቀኝ ትከሻዋን ያማታል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግራት ቡና መውቀጥ ነው። ታላቅ እህቴ አሜሪካ ካፌ ውስጥ ትሠራለች፤ ይህን ስትሰማ ገንዘብ አጠራቅማ አንድ የቤት ማሽን ገዛችና በሰው እጅ ላከች። በስልክም "እማዬ፣ ከእንግዲህ ቁልፍ ተጭነሽ ብቻ ቡናሽን ትጠጫለሽ" አለቻት። እኔ ያኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ሶኬቱ አልገባ ሲለኝ ሱቅ ወርጄ መቀየሪያ ገዛሁና ሰካሁት። ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ሲኒው ተደርድሯል። ማሽኑ ትንሽ ካጓራ በኋላ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን፤ ወዲያው ብሬከሩ ወረደና የቤቱ መብራት ድርግም አለ። እናቴ አንድም ቃል አልተናገረችም። ተነሥታ ፍሙን አራገበችና ጀበናዋን ጣደች። እህቴ ግን ስልኩ ላይ ዝም ስትል ዛሬም ድረስ ይሰማኛል።

መጀመሪያ መብራቱ

የማሽኑን ጀርባ ያነበብኩት ከተቃጠለ በኋላ ነው። "120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ፣ 1200 ዋት" ይላል። የአገራችን መብራት ደግሞ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። የገዛሁት መቀየሪያ የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቴጁን አይቀይርም። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው። በ120 ቮልት 1200 ዋት የሚስብ ማሞቂያ ሬዚስታንሱ 12 ኦም ነው። ያንኑ 12 ኦም 220 ቮልት ላይ ስንሰካው ኃይሉ 220 በ220 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል፣ ማለትም 4000 ዋት ግድም ይሆናል። ለሲኒ ቡና የተሠራውን ዕቃ እንጀራ የሚጋግር የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚያህል ኃይል ለቀቅሁበት ማለት ነው።

"ታዲያ ትራንስፎርመር ብትገዛስ?" ያላችሁ እንደሆነ፣ ይቻላል፤ ግን ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ለ1200 ዋት ማሽን ቢያንስ 1500 ዋት የሚችል ከባድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ትራንስፎርመር ቮልቴጅ ይቀንሳል እንጂ ፍሪኩዌንሲ አይቀይርም። በብዙዎቹ የቤት ማሽኖች ውስጥ ያለው ፓምፕ በማግኔት እየተርገበገበ ውሃ የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ ነው። በአንድ የመብራት ሳይክል አንድ ጊዜ ይመታል። በሴኮንድ 60 ጊዜ እንዲመታ የተሠራው እኛ ጋ ሲመጣ 50 ጊዜ ብቻ ይመታል። ስለዚህ ከአሜሪካ ከሚላክ ይልቅ ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የሚመጣ፣ ጀርባው ላይ ከ220 እስከ 240 ቮልት እና 50 ሄርዝ የተጻፈበት ይሻላል።

ሌላው የመብራት መጥፋት ነው። መብራት በሌለበት ቀን በፓምፕ የሚሠራ ማሽን ከባዶ ሳጥን አይለይም። ጀበና ግን ከሰል ካለ አለ።

ለመሆኑ ኤስፕሬሶ ምንድን ነው?

ኤስፕሬሶ ማለት ወፍራም ቡና ማለት አይደለም። በጣም ደቅቆ በተፈጨና በተጠቀጠቀ ቡና ውስጥ ሙቅ ውሃ በከፍተኛ ግፊት ሲያልፍ የሚገኝ ነው። የተለመደው ልክ 9 ባር ግፊት፣ ከ90 እስከ 96 ዲግሪ የሞቀ ውሃ እና ከ25 እስከ 30 ሴኮንድ ነው። ለሁለት ሲኒ 18 ግራም ቡና ገብቶ 36 ግራም ያህል ይወጣል።

እዚህ ለመድረስ ጊዜ ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1884 አንጀሎ ሞሪዮንዶ የተባለ የቱሪን ሰው በእንፋሎት የሚሠራ የቡና ማሽን አስመዘገበ። በ1901 ሉዊጂ ቤዜራ ሚላን ውስጥ አሻሻለው። ሆኖም የእንፋሎት ግፊት ብቻውን ከአንድ ባር ተኩል ብዙም አያልፍም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አኪሌ ጋጂያ በእጅ በሚሳብ ዘንግና በፒስተን ግፊቱን ከፍ ሲያደርግ ነው ዛሬ የምናውቀው ወርቃማ አረፋ የመጣው። በ1961 ደግሞ ፋኤማ ኢ61 የተባለው ማሽን ሥራውን ለኤሌክትሪክ ፓምፕ ሰጠ። ወደ እኛ አገር ይህ ነገር የገባው በጣሊያኖች በኩል ነው፤ ማኪያቶ የሚለው ቃልም የእነሱ ነው።

ታዲያ 9 ባር ስንት ነው? 58 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የማሽን ማጥለያ 26 ካሬ ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 9 ኪሎ ስታደርጉበት 240 ኪሎ ያህል ይመጣል። ሁለት ኩንታል ከአርባ ኪሎ ጤፍ ያቺ ትንሽ ቡና ላይ ተቀመጠ በሉት። ምድጃ ላይ የምትጣደው የጣሊያን ሞካ ግን ከ1 እስከ 2 ባር ብቻ ነው ያላት። ጥሩ ቡና ታወጣለች፣ በፍምም ትሠራለች፤ ኤስፕሬሶ ግን አይደለም። "ኤስፕሬሶ ነው" ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ አትመኑት።

ከፍታችንስ ምን ያደርጋል?

ማሽን ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር ይህ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር ግድም ላይ ናት። ከቤተ ሙከራ በተዋስኩት ቴርሞሜትር እናቴ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የፈላውን ውሃ ስለካው 91 ዲግሪ ላይ ቆመ። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ እኛ ጋ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅም። እሳት ብትጨምሩ ቶሎ ይተናል እንጂ።

ፓምፕና የተዘጋ ቦይለር ያለው ማሽን ይህን ይሻገረዋል፤ በግፊት ውስጥ ያለ ውሃ 93 ዲግሪ ደርሶም አይፈላም። መክፈቻው ሲከፈት ብቻ ቡፍ ብሎ እንፋሎት ይተፋል። አትደንግጡ፣ ተበላሽቶ አይደለም። ወተት ማፍያው ላይም ልዩነት አለ። የማሽኑ ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር ጋር ያለውን የግፊት ልዩነት ነው። ጌጁ 1 ባር ሲል በባሕር ጠለል ላይ እንፋሎቱ 120 ዲግሪ ግድም ነው፤ እዚህ ግን 116 ገደማ ነው። ወተቱ ትንሽ ቢዘገይ ማሽኑን አትሳደቡ።

በእጅ በሚጫን ማሽን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ውሃውን ከማንቆርቆሪያ ስለምንገለብጥ ከ91 ዲግሪ ነው የምንነሣው። ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ደግሞ በቀላሉ ከ85 በታች ይወርዳል፤ ቡናውም ይኮመጥጣል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፦ ማሽኑን ቀደም ብሎ በፈላ ውሃ ማሞቅ፣ ቡናውን ደግሞ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት ጠቆር አድርጎ መቁላት። የጠቆረ ቡና በዝቅተኛ ሙቀትም ቶሎ ይለቃል።

ዋናው ወፍጮው ነው

እኔ ይህን ለመረዳት ረጅም ጊዜ ፈጅቶብኛል። ሰው ሁሉ ገንዘቡን ማሽኑ ላይ ያፈስሳል፤ ኤስፕሬሶን ኤስፕሬሶ የሚያደርገው ግን አፈጫጨቱ ነው። ውሃ እንደማንኛችንም በቀለለው መንገድ መሄድ ይወዳል። በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና ውስጥ ደቃቁም ገርባባውም አብሮ አለ። ሱቅ ያለው ባለ ምላጭ መፍጫም ያው ነው፤ ይቆራርጣል እንጂ እኩል አይፈጭም። 9 ባር ያለው ውሃ እንዲህ ባለ ቡና ውስጥ አንድ ቀዳዳ ያበጅና በዚያች ብቻ ይነጉዳል። በአንድ በኩል መራራ፣ በሌላ በኩል ኮምጣጣ ይሆንባችኋል። ጀበና ላይ ግን ቡናው ከውሃው ጋር አብሮ ስለሚፈላና አተላው ስለሚዘቅጥ ይህ ችግር ያን ያህል አይታይም። የእናቴ ሙቀጫ ለጀበና ምንም አይወጣለትም።

ለኤስፕሬሶ የሚያስፈልገው እንደ እህል ወፍጮ በሁለት ጥርሶች መካከል አድቅቆ የሚፈጭ፣ ልኩ የሚስተካከል መፍጫ ነው። በ15 ሴኮንድ ውስጥ ከወረደ ልኩን አጥብቁት፤ በ45 ሴኮንድም ካልወረደ አላሉት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ለጀበና ቡናውን እንደቆላን ወዲያው እንወቅጠዋለን። ለማሽን ግን ትኩስ ቁሌት ጋዙ ስላልወጣለት አረፋ ብቻ ይሆናል። ከቆላችሁት ላይ ከፍላችሁ ሳምንት ያህል በዕቃ ከድናችሁ አስቀምጡት። ውሃውንም አስተውሉ። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ከያዘ፣ ማሽናችሁም ያንኑ ይይዛል፤ በየጊዜው በሲትሪክ አሲድ መታጠብ አለበት።

እኛ የመረጥነው

ባለፈው ዓመት እህቴ እንደገና ደወለች። "አሁንስ የቱን ልግዛ?" አለችኝ። በዚህ ጊዜ ከመመለሴ በፊት እናቴን ጠየቅኋት። "እማዬ፣ ማሽን ትፈልጊያለሽ?"

"እኔ ምን አውቅልሃለሁ ልጄ" አለች። "ትከሻዬ ብቻ ባይወጋኝ። ማሽኑስ ቢሆን አንድ አንድ ሲኒ እያንጠባጠበ ለጎረቤቱ መቼ ሊያዳርስ ነው? አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ማን ሊያፈላው ነው?"

እውነቷን ነው። ማሽን እያንዳንዱን ዙር እየጠቀጠቁ፣ እያጠቡ፣ እንደገና እየሞሉ ነው የሚሠራው። ለስምንት ሰው ስታፈሉ የመጀመሪያው ሰው ሄዶ ይመጣል። ጀበና ግን በአንድ ጊዜ ለሁሉም ይቀዳል። ለካ የእናቴ ችግር ቡና ማፍላቱ አይደለም፣ መውቀጡ ነው። እኛ ልጆቿ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላስተዋልነውን እሷ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሰችው።

ስለዚህ ለእህቴ እንዲህ ብዬ ነገርኳት፦ ከገንዘቡ ሁለት ሦስተኛውን ጥሩ የኤሌክትሪክ መፍጫ ይግዛ፣ በ220 ቮልት የሚሠራ፣ ባለ ጥርስ፣ ለጀበናም ለኤስፕሬሶም ልኩ የሚስተካከል። በቀረው ፓምፕ የሌለው፣ በእጅ የሚጫን ትንሽ ማሽን። የእሱ ፒስተን 40 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለ9 ባር 115 ኪሎ ያህል ያስፈልጋል፤ ዘንጉ ኃይሉን በስድስት ስለሚያባዛ ግን ሰው የሚጫነው 19 ኪሎ ግድም ነው። ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ለተሸከመ ሰው ይህ ምንም አይደለም። እሱን የምጫነው እኔ ነኝ፤ እናቴ አትነካውም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ከክፍል በፊት አንድ ሲኒ ኤስፕሬሶ ለራሴ አወጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ጀበናው ይጣዳል፤ ቡናው ይቆላል፣ ይታጠናል፣ ከዚያ መፍጫው ውስጥ ይገባል። መብራት ከጠፋ ሙቀጫው አለ፤ የምወቅጠውም እኔው ነኝ። እህቴ ስትደውል እናቴ መጀመሪያ የምትነግራት ስለ ትከሻዋ ነው። "ቀሎኛል" ትላታለች።

በአጠቃላይ የማሽን ስም ከመጠየቃችሁ በፊት ቤታችሁን ጠይቁ። ሶኬቱ ስንት ቮልት ነው? መብራት ስንቴ ይጠፋል? ውሃው ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል? ቡናውን የሚፈጨው ማነው? የሚጠጣውስ ስንት ሰው ነው? ከሁሉ በፊት ግን ማሽኑ የሚገዛለትን ሰው ጠይቁ። የተቃጠለው ማሽን እስካሁን አልተጣለም። ፓምፑን ፈትቼ አውጥቼዋለሁ፤ በማግኔት እንዴት እንደሚመታ ማየት የሚፈልግ ካለ ቤተ ሙከራ አመጣዋለሁ።