የሰንበቴ ተራና የነዳያን ድርሻ

ሰንበቴ በአንድ ደብር ዙሪያ የተሰባሰቡ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ቆሎና ጠላ በተራ እያቀረቡ፣ በካህን አስባርከው ከነዳያን ጋር የሚቋደሱበት ማኅበር ነው። የአንድን ቅዱስ ወርኃዊ በዓል ይዞ ከአባል ቤት ወደ አባል ቤት ከሚዞረው የጽዋ ማኅበር የሚለየው ቀኑ ሰንበት፣ ቦታውም የቤተ ክርስቲያን ቅጽር በመሆኑ ነው፤ ከእድር ጋር ለሚያምታቱትም እድር ለቀብርና ለሐዘን የቆመ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

በብዙ የከተማ ነዋሪ ዘንድ ግን ሰንበቴ ሽማግሌዎች ጠላ ይዘው የሚጨዋወቱበት የእሑድ ድግስ ተደርጎ ይታያል። ይህ ግምት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ለሚያይ ሰው የሚያስወቅስ ባይሆንም፣ የማኅበሩን ዋና ሥራ ይስታል። ተረኛው፣ ማለትም በመዝገቡ ቅደም ተከተል መሠረት የዕለቱን ዝክር የሚያቀርበው አባል፣ ድፎውን በሌማት፣ ጠላውን በጀሪካን አስይዞ ወደ ሰንበቴ ቤቱ ያመጣል፤ ካህኑ ጸልዮ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላም ለካህናቱና ለአባላቱ እንደሚደርስ ሁሉ፣ በቅጽሩ ጥግ ለተቀመጡት ነዳያን ይደርሳል። የነዳያኑ ድርሻ በአንድ ቸር ሰው የዕለት ስሜት ላይ ያልተንጠለጠለ መሆኑ እምብዛም ልብ አይባልም፤ ተረኛው ደስ ቢለውም ቢከፋውም ተራው ይደርሳል፣ ካልቻለም ከሌላ አባል ጋር ይለዋወጣል እንጂ እሑዱ ባዶ እንዲያልፍ አይፈለግም። ተቀባዩ ደግሞ ቅጽ አይሞላም፣ ፎቶግራፍ አይነሳም፣ ድህነቱን እንዲያስረዳም አይጠየቅም፤ ትናንት ተረኛ የነበረ አባል ዛሬ ቢደኸይ እንኳ ከዚያው ዳቦ ይቆርሳል። ብዙ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱ ድርጅቶች ተረጂን ለመመልመል የሚደክሙትን ድካም ያየ ሰው፣ የዚህን ቀላል ሥርዓት ብልህነት ሊንቅ አይገባውም።

ማኅበሩ ከሕዝብ ዓይን የተሰወረበት አንዱ ምክንያት ሕጉ ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 እድርን፣ ዕቁብንና እነዚህን የመሳሰሉ ባህላዊና ሃይማኖታዊ ስብስቦችን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎ ነበር፤ የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም በዚሁ ቀጥሏል። በዚህም የተነሳ ሰንበቴ የምዝገባ ቁጥርና ዓመታዊ ሪፖርት አይጠየቅም፤ ከቁጥጥር ነጻ መሆኑ ቢጠቅመውም፣ በአገሪቱ የበጎ አድራጎት ሥራ ሲቆጠር አብሮ አይቆጠርም።

የአዲስ አበባው ልደታ የዚህን ማኅበር ጥንካሬ ለመመልከት ተስማሚ ሰፈር ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የልደታ አሮጌ መንደሮች ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱና በርካታ ነዋሪዎች በከተማዋ ዳርቻ ወደተሠሩ ኮንዶሚኒየሞች ሲዛወሩ፣ በጉርብትና ላይ የቆሙ እድሮች በሰፈሩ መበተን ተናግተዋል። ሰንበቴ በአንጻሩ የሚታሰረው በደብር ነው፤ ቤቱ ቢርቅም ቅዳሴውን በሰፈሩ ደብር በልደታ ለማርያም የሚያስቀድስ ሰው ተራውን ይዞ ሊቀጥል ይችላል። ግንቦት 1 ቀን፣ የእመቤታችን የልደት በዓል ሲከበር፣ በሩቅ የሚኖሩ የቀድሞ ሰፈርተኞች ወደዚሁ ደብር መምጣታቸው ትስስሩ ምን ላይ እንደቆመ ያሳያል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግዴለሽ ተረኞች አይጠፉም። የደረቀ የሱቅ ዳቦ በፌስታል ይዘው የሚመጡ፣ ወይም አባላቱ ጠጥተው ከጨረሱ በኋላ የተረፈውን ፍርፋሪ የነዳያን ድርሻ አድርገው የሚቆጥሩ አሉ፤ እንዲህ ያለው ሰንበቴ በእርግጥም ከድግስ አይለይም። ስለዚህ ተራ የደረሰው አባል የነዳያኑን ዳቦ ከአባላቱ አስቀድሞ፣ ትኩሱን ለይቶ ያስቀምጥ።