ለትንሽ ቤተሰብ የሚሆን የከሰል ምድጃ ስለ መምረጥ

ጎጆ የሚወጡ ልጆች ከሚገዟቸው የቤት ዕቃዎች መካከል በርካሽ ተገዝቶ ከዓመት እስከ ዓመት ገንዘብ የሚበላው የከሰል ምድጃ ነው። አልጋ አንድ ጊዜ ከተገዛ ወጪው በዚያው ያበቃል፤ ምድጃ ግን በተገዛ ማግሥት ከሰሉን ይጠይቃል፤ በየወሩም ይጠይቃል። እንዲህ ሆኖ ሳለ፥ አልጋ ለመግዛት ሦስት ቀን የሚዞር ሰው ምድጃን ከገበያ ዳር ቆሞ በአምስት ደቂቃ ሲገዛ እናያለን። ስለዚሁ ነገር ጥቂት ለመጻፍ ስንነሣ በአዳማ (ናዝሬት)፥ በሞጆ፥ በመቂ፥ በባቱ (ዝዋይ) እና በሻሸመኔ በኪራይ ቤት የሚኖሩትን ትንንሽ ቤተሰቦች በልቡናችን ይዘን ነው፤ ይኸውም ባልና ሚስትን፥ እናትን ከአንዲት ልጇ ጋራ፥ ከገጠር መጥቶ የሚማረውንም ወጣት ማለታችን ነው። የእነዚህ መኝታቸውና ማብሰያቸው ብዙ ጊዜ በአንድ ክፍል ስለ ሆነ፥ የምድጃ ምርጫ ለእነርሱ ከገንዘብ ያለፈ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ስሕተት የመጠን ስሕተት ነው። የቤት እመቤት ምድጃ ስትገዛ በዓይነ ልቡናዋ የምታየው የፋሲካን ድስት፥ የዶሮው 12 ብልት የሚገባበትን ነው። ሽንኩርቱ ብዙ ሰዓት የሚቁላላበት፥ እንግዳም የሚጠበቅበት ቀን ስለ ሆነ አሳቧ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ፋሲካ በዓመት አንድ ቀን ነው። በቀሩት ቀኖች፥ ይልቁንም በጾሙ ወራት፥ በዚያ ቤት የሚጣደው የሽሮ ድስትና ጀበና ነው። አፈ ሰፊ ምድጃ ትንሽ ድስት ሲጣድበት እሳቱ በድስቱ ዙሪያ እያለፈ ጣራውን ያሞቃል፤ ሆዱም ሰፊ ስለ ሆነ ለሁለት ስኒ ቡና የአንድ ወጥ ከሰል ይበላል። ስለዚህ ወደ ገበያ ስትሄዱ ዘወትር የምትጥዱትን ድስት ይዛችሁ ሂዱ እንላለን። ሰው ቢስቅ ይሳቅ! የድስቱ ቂጥ የምድጃውን አፍ ሸፍኖ ጥቂት የሚያልፍ ሲሆን ምድጃው የእናንተ ነው። ለበዓሉም ከጎረቤት ትልቅ ምድጃ መዋስ ነውር የለበትም፤ ድስቱንስ ቢሆን ከጎረቤት ሳንዋስ ያሳለፍነው በዓል ስንት ነው?

መጠኑ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው የዓይነቱ ነገር ነው። ከጥንት የምናውቀው ባዶ የቆርቆሮ ምድጃ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱ በጎኑ ሁሉ ስለሚወጣ ድስቱን ከሚያሞቀው ይልቅ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው እግር ያሞቃል፤ ታችኛው ቆርቆሮም ቶሎ ተበልቶ ይበሳል። ሁለተኛው ውስጡ በሸክላ የተለበጠው ላቀች የሚባለው ነው። ኬንያውያን የታይላንድን የባልዲ ምድጃ ተመልክተው በሸክላ የተለበጠ ጂኮ ሠርተው ነበር፤ (ጂኮ በስዋሂሊ ምድጃ ማለት ነው)፤ የእኛም አገር የኢነርጂ ባለሞያዎች በ1980ዎቹ ዓ.ም. ያንን አርአያ ለሀገራችን ድስትና ጀበና እንዲስማማ አድርገው ላቀችን አወጡ። ስሙን ያወጣላት ሰው አማርኛ ያውቃል፤ ከቆርቆሮው ልቃለችና። ላቀች ከባዶው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ታድናለች ይባላል። በወር አንድ ጆንያ የሚጨርስ ቤት በዓመት ከ12 ጆንያ 3 ይተርፈዋል ማለት ነው፤ የዋጋውም ልዩነት በጥቂት ወራት ውስጥ ይመለሳል።

ነገር ግን ስሟን ብቻ ይዞ የሚሸጥ ምድጃ በየገበያው አለና፥ ገዢ ሆይ፥ እጅህን አስገብተህ መርምር። ሸክላው በደንብ የተተኮሰ እንደ ሆነ በጣት ጥፍር ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የደነቆረ ድምፅ ከሰጠ ግን በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አለበት። በሸክላውና በቆርቆሮው መካከል ያለው ልስን ባዶ ቦታ ሊኖረው አይገባም፤ ምድጃውን ከፍ አድርጎ መነቅነቅ ይህን ይገልጻል፤ የሚንኳኳ ነገር ካለ መተው ነው። የሸክላው ወንፊት ቀዳዳዎች አመዱን የሚያሳልፉ፥ ፍሙን ግን የማያሳልፉ ይሁኑ። ድስቱ የሚቀመጥባቸው ሦስቱ ጉብታዎች እኩል መሆናቸውን ለማየት የራሳችሁን ድስት ማስቀመጥ ይበቃል፤ (ድስቱን ይዛችሁ ሂዱ ያልነው ለዚህም ነው)። ከሁሉ ይልቅ ግን የታችኛውን በር ተመልከቱ። ነፋሱን የሚገዛው እርሱ ነውና፥ ገጥሞ የማይዘጋ በር ያለው ምድጃ ልጓም እንደሌለው ፈረስ ነው፤ ሽሮው ከፈላ በኋላ እሳቱን ዝቅ ማድረግ የሚቻለው በሩን ገርበብ በማድረግ ነው። የገዛችሁትንም ምድጃ በመጀመሪያው ቀን በጥቂት ከሰል ቀስ ብላችሁ አሙቁት፤ በጋለው ሸክላ ላይ ውኃ አታፍስሱበት፤ እሳቱን ማጥፋት ሲያስፈልግ በሩን ዘግቶ ፍሙን በአመድ መዳፈን ይበቃል። የተዳፈነውም ከሰል ለነገ ያገለግላል።

በየጋራዡና በየብረታ ብረት ሠራተኛው ደጅ ከበርሜል ተቆርጦ የሚሠራ ምድጃም አለ፤ ክዳን ተበጅቶለት ሥጋ ወይም ዓሣ በጭሱ እንዲበስል የሚደረግም ይገኛል። ለሥጋ ቤትና ለሠርግ መልካም ነው፤ ለሁለት ሰዎች ቤት ግን ሆዱ ሰፊ፥ ጎኑም ባዶ ብረት ስለ ሆነ ትርፍ የለውም። ቢሆንም ትንሽ በርሜል አስቆርጦ ለበዓል ሥጋ መጥበሻ ማድረግ የሚወድ ቢኖር አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ አይግዛ፤ በርሜሉ አስቀድሞ ምን ነበረበት? በስምጥ ሸለቆ፥ ይልቁንም በመቂና በባቱ ዙሪያ፥ የአትክልትና የአበባ እርሻ ብዙ ነው፤ በዚያም ላይ የተባይ መድኃኒት ይረጫል። የዚህ መድኃኒት ማስቀመጫ የነበረ ዕቃ ታጥቦም ተቃጥሎም ለምግብ አይሆንም፤ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስም ራሱ መርዝ ነው። ሻጩ የሚያረካ መልስ ካልሰጠ ጥሎ መሄድ ይሻላል። ዚንክ የተለበጠ ብረትም አጥብቆ ሲግል የሚያሳምም ጭስ ያወጣልና እሳት ከሚነካው ቦታ ይራቅ።

የአዳማ ሰው ደግሞ ነፋሱን ማሰብ አለበት። በከተማይቱ ዙሪያ በኮረብቶቹ ላይ በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋ ዋት፥ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የነፋስ ተርባይኖች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ያው ነፋስ በግቢ የተቀመጠን ምድጃ ሲያገኝ በሩብ ሰዓት ከሰሉን አመድ ያደርገዋል። የምድጃው በር ጀርባውን ለነፋስ ይስጥ፤ ማራገቢያውም በአዳማ ብዙ ጊዜ ሥራ ፈት ነው።

ስለ ከሰሉም አንድ ነገር እንበል። በእነዚህ ከተሞች ተፈላጊው የግራር ከሰል ነው፤ ከባድና ጠንካራ ስለ ሆነ ፍሙ ይቆያል። ነገር ግን ከመቂ እስከ ሻሸመኔ በመንገዱ ዳር በጆንያ ተደርድሮ የሚታየው ያ ከሰል የሸለቆው ደን ነበረ። በአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ የነበረው የግራር ደን ምን ያህል እንደ ሳሳ በዚያ ያለፈ ሁሉ አይቶታል። በአፈር ተቀብሮ በሚከሰልበት ልማድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይነድዳል። አንድ ጆንያ 30 ኪሎ ነው ብንል፥ ከላይ ያልናቸው 3 ጆንያዎች ከ450 እስከ 900 ኪሎ እንጨት ናቸው፤ ይህም የአንድ ትንሽ ቤት ብቻ ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚያስፈራው እንመጣለን። ከሰል ጭሱ ካለቀለትና ፍሙ ከቀላ በኋላ ንጹሕ ይመስላል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው «ጭሱ ወጥቷል» ብሎ ወደ ቤት ያስገባዋል። የሚገድለው ግን ያን ጊዜ የሚወጣው፥ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አየር ነው። ይህ አየር በደማችን ላይ ከኦክሲጅን ይልቅ 200 ጊዜ ያህል አጥብቆ ስለሚጣበቅ፥ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ይመጣል፤ የተኛ ሰው ግን ይህን ምልክት አያገኝም። ቡናው ተፈልቶ፥ ዕጣኑም ጨሶ፥ የቀረው ፍም ለሙቀት ተብሎ በተዘጋ ክፍል እያደረ የጠፋው ቤተሰብ በሀገራችን ጥቂት አይደለም። ላቀችም ብትሆን ከሰል ቆጣቢ ናት እንጂ ከዚህ አታድንም። ውኃ በጣሳ ከአጠገቡ ማኖርም ምንም አይረዳም። በቤተ ክርስቲያን በጽና የሚያዘውን ፍም አይቶ የሚከራከረን ቢኖር፥ ያ ፍም እፍኝ የማይሞላ፥ ሕንጻውም ሰፊ፥ በሩም ክፍት መሆኑን ያስብ።

ይልቁንም ስለ አራስ ቤት እንለምናለን። ብርድ እንዳይመታት ተብሎ በሩና መስኮቱ ተዘግቶ፥ ከሰል ተቀጣጥሎ የሚቀመጥባት አራስና ሕፃንዋ ከሁሉ ይልቅ ለዚህ አደጋ የቀረቡ ናቸው፤ እርጉዝ ሴትም እንዲሁ፥ በማኅፀን ያለው ፅንስ ከእናቱ አብልጦ ይጎዳልና። ለአራስ ብርድ ልብስና ትኩስ አጥሚት ይብዛላት፤ ምድጃው ግን ይውጣ። ራሱን የሳተ ሰው ያገኘ አስቀድሞ በሩን ይክፈት፥ ሰውየውን ወደ ደጅ ያውጣው፥ ከዚያም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ያድርሰው፤ ነቅቶ «ደኅና ነኝ» ቢልም ሐኪም ይየው።

ስለዚህ ምድጃ ስትመርጡ የሚያድርበትንም ቦታ አብራችሁ ምረጡ። አንድ እጅ ብቻውን ሊያነሣው የሚችል፥ እጀታው የማይግል ይሁን፤ እራት እንደ ተበላ ወደ ደጅ እንዲወጣ። በደጅ ሲያድር ግን የክረምት ዝናብ ሸክላውን ይሰነጥቀዋልና ከጣራው ጠርዝ በታች አኑሩት፤ በላዩም አሮጌ የቆርቆሮ ክዳን ድፉበት።