የጦርነት ሕግ በጎጃምና በአዊ ምድር

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አውራ ጎዳና ዳንግላንና እንጅባራን አቋርጦ ያልፋል። እንጅባራ ላይ አንዱ መንገድ ተገንጥሎ በቻግኒ በኩል ወደ መተከል ይወርዳል። ባለፉት ዓመታት በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የሆነውን መንግሥት «ሕግ ማስከበር» ሲለው፣ ታጣቂው «ትግል» ይለዋል። ሾፌሩና ነጋዴው «ችግሩ» ብለው ያልፉታል። ዓለም አቀፉ የሰብአዊነት ሕግ ወይም የጦርነት ሕግ ግን ባለጉዳዮቹ በሰጡት ስም አይመራም፤ መሬት ላይ ያለውን ያያል። ግጭቱ ምን ያህል የከረረ ነው? መንግሥትን የሚወጋው ወገን አዛዥና ታዛዥ ያለው የተደራጀ ኃይል ነው? ይህን መለኪያ የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ የወንጀል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 በታዲች ጉዳይ ላይ አስቀምጦታል፤ ዛሬም የሚሠራበት እሱ ነው።

መለኪያው ምን እንደሚፈይድ ለማየት መተከል ይበቃል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ። በዚያ ሰሞን ቀዬውን ጥሎ የሸሸው ሕዝብ ቻግኒ መጥቶ ራንች በሚባለው ስፍራ ተጠለለ። ጥቃቱ የጦርነት ሕግ የሚገዛው ግጭት አካል ነበር ወይስ በመደበኛው የወንጀልና የሰብአዊ መብት ሕግ ብቻ የሚታይ ጭፍጨፋ? ባለሙያዎች ሊከራከሩበት ይችላሉ። ለሟች ቤተሰብ ለውጥ የለውም፤ ግድያው በሁለቱም ሕግ ወንጀል ነው። ለዐቃቤ ሕግና ለወታደር ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። በሰላም ጊዜ ፖሊስ ሕይወት የሚያጠፋው ሌላ መውጫ ሲያጣ ብቻ ነው፤ በጦርነት ጊዜ ግን ወታደር ጠላት ተዋጊን ተኝቶ ቢያገኘውም ሊመታው ይችላል። ስለዚህ «ጦርነት ነው» ማለት መንግሥትን ብቻ የሚያጋልጥ ቃል አይደለም፤ እጁንም ይፈታለታል።

በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ይህ ክርክር ያለቀ ይመስለኛል። በአንድ ወገን መድፍና ድሮን፣ በሌላው ወገን ከተማ ይዞ የሚለቅ የፋኖ ኃይል ባለበት፣ ግጭቱ ዓለም አቀፍ ያልሆነ የትጥቅ ግጭት ነው። አራቱ የጄኔቫ ስምምነቶች በጋራ የያዙት አንቀጽ 3 ለእንዲህ ያለው ግጭት የተጻፈ ነው። በውጊያው የማይሳተፍን ሰው፣ ትጥቁን የጣለን፣ የቆሰለንና የተማረከን መግደል፣ ማሠቃየት፣ ማገት፣ ያለ ተገቢ ፍርድ መቅጣት ክልክል ነው ይላል። ስምምነቱን የፈረመው መንግሥት ቢሆንም አንቀጹ «እያንዳንዱ ተፋላሚ ወገን» ስለሚል ፋኖንም እኩል ያስራል። «እኛ አልፈረምንም» ማለት አያድንም፤ «እነሱም አላከበሩትም» ማለትም አያድንም።

አስቸጋሪው ነገር ሰላማዊውን ከተዋጊው መለየት ነው። ጎጃም ውስጥ ጠብመንጃ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ገበሬው ከብቱን የሚጠብቅበት፣ ሠርግና ለቅሶ የሚደርስበት መሣሪያ ተዋጊ አያደርገውም። ልጁ ጫካ የገባ አባት፣ ለታጣቂ እንጀራ የጋገረች እናት፣ መንገድ ያሳየ እረኛ መታሰርና በሕግ መጠየቅ ሊደርስባቸው ይችላል እንጂ ጥይት አይገባቸውም። ይህ ለሌላውም ወገን ይሠራል፤ መሣሪያ ያልያዘ የቀበሌ ሊቀመንበር ወይም የወረዳ ግብር ሰብሳቢ በሥራው ምክንያት የሚገደል ዒላማ አይሆንም። ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ የምትገኘው መራዊ ላይ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነው ይህ መስመር ሲጣስ ምን እንደሚመስል ያሳያል። የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን «ፋኖን ትደግፋላችሁ» በሚል ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን አረጋግጧል።

ሐኪሙም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው ሁለተኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ የሕክምና ባለሙያ የሙያውን ሥነ ምግባር ጠብቆ ማንንም ቢያክም አይቀጣም ይላል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2016 ዓ.ም. ስለ አማራ ክልል ባወጣው ዘገባ ግን ፋኖን አክማችኋል ተብለው የታሰሩ ጤና ባለሙያዎችንና የተጠቁ አምቡላንሶችን መዝግቧል። ያው ፕሮቶኮል የሕዝብን እህል፣ ከብትና የመጠጥ ውኃ ማውደምን፣ ሰላማዊ ሰውን በረሃብ ለመቅጣት መሞከርንም ይከለክላል። መንገድ መዝጋት በሚዘወተርበት አገር፣ ማዳበሪያና መድኃኒት የጫነን መኪና የሚያግት ሁሉ ይህን ሊያስብበት ይገባል።

ይህ ሕግ ከውጭ የመጣብን ባዕድ ነገር ነው የሚል ሰው ታሪካችንን ይመልከት። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የአዊ ፈረሰኞች ማኅበር የሚዘክረው የአድዋና የአርበኝነት ዘመን በሁለቱም በኩል ትምህርት አለው። ከአድዋ በኋላ ጣልያናውያን ምርኮኞች በአብዛኛው በደኅና ተይዘው አገራቸው ገብተዋል፤ ለጣልያን የተዋጉ ብዙ ኤርትራውያን ምርኮኞች ግን ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቆርጠዋል። ስለ አድዋ ስንጽፍ ሁለተኛውን እንዘለዋለን። ከ40 ዓመት በኋላ ተጠቂዎቹ እኛ ሆንን። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. በተቋቋመ በወራት ውስጥ ጣልያን እ.ኤ.አ. የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ጥሳ የሰናፍጭ ጋዝ ረጨች፤ ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀልን ሆስፒታል ደበደበች። ሁለት የራስ ካሣ ልጆች ፍቼ ላይ እጃቸውን ከሰጡ በኋላ፣ ራስ ደስታ ዳምጠውም ከተማረኩ በኋላ ተገደሉ። ጣልያን አርበኞቹን «ሽፍታ» ብላ ከሕግ ከለላ ውጭ አድርጋቸው ነበር። ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ የጣልያን ጦር አዛዦቹን ባዶሊዮንና ግራዚያኒን በጦር ወንጀለኝነት ለተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ብታስመዘግብም አንዳቸውም በኢትዮጵያ ላይ ለፈጸሙት አልተዳኙም።

ከዚያ ቁጭት ይሁን ከሌላ፣ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የጦር ወንጀልን በዝርዝር ደነገገ፤ አገሪቱ የጄኔቫ ስምምነቶችን ያጸደቀችው ከ12 ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። (የስምምነቶቹም ዓመት 1949 ነው፤ ግን እ.ኤ.አ. ነውና አይምታታብን።) አሁን በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 269 ጀምሮ ስለ ዘር ማጥፋት፣ በሰላማዊ ሰው፣ በቁስለኛና በምርኮኛ ላይ ስለሚፈጸም ወንጀል፣ ስለ ዝርፊያና ስለ ቀይ መስቀል ዓርማ ይደነግጋል። አንቀጽ 270 ከ5 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ሲከፋም ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስቀጣል። ሕግ አልጎደለንም፤ የጎደለው ከሳሽና ዳኛ ነው።

በጎጃም ለተፈጸመ የጦር ወንጀል በስሙ የተሰጠው ጎልቶ የሚጠቀሰው ፍርድ የመጣው ከሄግ ነው። ዳንግላም ቻግኒም በደርግ ዘመን በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር ነበሩ፤ የክፍለ ሀገሩ የደርግ ተጠሪ እሸቱ ዓለሙ ይባላል። ነሐሴ 1970 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ውስጥ 75 ወጣት እስረኞች በአንድ ሌሊት ተገደሉ። የሄግ ወረዳ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ለዚህ ግድያ፣ እንዲሁም 321 ሰዎችን በጭካኔ በማሰሩ ዕድሜ ልክ ፈረደበት፤ ይግባኝ ሰሚው በ2014 ዓ.ም. አጸናው። ዳኞቹ የያዙት ያንኑ የጋራ አንቀጽ 3 ነበር። ካስፈረዱት ማስረጃዎች መካከል ደርግ ራሱ ጽፎ ያስቀመጣቸው ሰነዶች ይገኙበታል።

የዛሬው ፍርድ ከየት ይመጣ ይሆን? ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አባል አይደለችም። የተባበሩት መንግሥታት በኢትዮጵያ ጉዳይ ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023 የሥራ ዘመኑ ሳይታደስ ተዘጋ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ቃል የተገባው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸደቀ፤ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ችሎት እንዲቋቋም ያዛል። ጦርነት እየተካሄደ ተፋላሚው ወገን ራሱን ይከሳል ብሎ መጠበቅ ግን የዋህነት ነው።

ስለዚህ በእንጅባራ፣ በዳንግላ፣ በቻግኒና በመራዊ ያላችሁ አንባቢዎች፣ የሕክምና ወረቀት፣ ፎቶ፣ የቀንና የቦታ ማስታወሻ ካላችሁ ራሳችሁን ለአደጋ በማያጋልጥ ቦታ አስቀምጡ። የጠፋባችሁ ሰው ካለ ለቀይ መስቀል አስመዝግቡ። ማስረጃው ጊዜ ቢያልፍበትም ይጠቅማል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ያለ ፍርድ መግደልን፣ ሰው መሰወርንና ማሠቃየትን የመሳሰሉ በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ እንደማይታገዱ፣ በምሕረትም ሆነ በይቅርታ እንደማይታለፉ ይደነግጋል።