ከማደንዘዣው መርፌ ጀርባ ያለው ሙያ



የዲፓርትመንት ምርጫ ሲደርስ ጤና ከሚገቡት ልጆቻችን ብዙዎቹ ሕክምና ወይም ፋርማሲ ብለው ይሞላሉ። አንስቴዥያን የሚያስብ ጥቂት ነው። እኔ የምህንድስና ተማሪ ብሆንም፣ ሙያው ለአካባቢያችን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ማንሳት ፈለግሁ።

ሰንበቴ ላይ ምጥ የጠናባትን እናት አስቡ። ልጁ በቀዶ ሕክምና መውጣት ካለበት ሐኪሙ ብቻውን ምንም ማድረግ አይችልም። ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ ከሌለ አምቡላንሱ ወደ ከሚሴ፣ ካልሆነም ወደ ደሴ መንገዱን ይቀጥላል። ደም እየፈሰሳት ከሆነ ያ መንገድ ረጅም ነው።

የአንስቴቲስት ሥራ ወግቶ ማስተኛት ብቻ አይደለም። ለወሊድ ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ በወገብ በኩል፣ በአከርካሪ ውስጥ ወዳለው ፈሳሽ ይሰጣል። በደቂቃዎች ውስጥ ከወገብ በታች ይደነዝዛል፤ እናትየው ግን ነቅታ የልጇን የመጀመሪያ ለቅሶ ትሰማለች። መድኃኒቱ የደም ስሮችን ስለሚያሰፋ የደም ግፊቷ ሊወርድ ይችላል። ያንን ተከታትሎ ፈሳሽና መድኃኒት የሚሰጣት እሱ ነው። ሙሉ በሙሉ ለሚተኛ ታካሚ ደግሞ ትንፋሹንም ይረከባል። ጣት ላይ የሚቆነጠጠው መሣሪያ በቀይና በኢንፍራሬድ ብርሃን የደሙን ኦክስጅን ይለካል፤ ቁጥሩ ሲወርድ ምክንያቱን ፈልጎ የሚያስተካክለው ግን ሰው ነው።

ለቤተሰብም የምትነግሩት አለ። ቀጠሮ ለተያዘለት ቀዶ ሕክምና አዋቂ ሰው ቢያንስ ለ6 ሰዓት ከምግብ፣ ለ2 ሰዓት ከውኃ ይከለከላል። የተኛ ሰው የበላው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና «ትንሽ ይቅመስ» ብሎ ማጉረስ ሕይወት ያስከፍላል። ጫት ቅሞ ከሆነም አይደበቅ፤ ባለሙያው የሚጠይቀው መድኃኒቱን ለመመጠን እንጂ ለመውቀስ አይደለም።

መንገዱ ሁለት ነው። ቀድሞ በሥራ ላይ ያሉ ነርሶች ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው ይገቡበት ነበር። ዛሬ ከ12ኛ ክፍል በተፈጥሮ ሳይንስ አልፎ በዲግሪ መማር ይቻላል፤ ጎንደርና ዲላ ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራሉ፤ ለእኛ ቅርብ የሆኑት ወሎና ደብረ ብርሃንም አሉ። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ለመሥራት ደግሞ የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፊዚዮሎጂና ፋርማኮሎጂ የሙያው መሠረት ስለሆኑ ከአሁኑ ባዮሎጂና ኬሚስትሪን አጥብቁ።

በተለይ እህቶች! የወገብ መርፌ ጀርባን መግለጥ ይጠይቃል። በችግር ጊዜ ወንድ ባለሙያ ማከሙ በሸሪዓችን የተፈቀደ ቢሆንም፣ ሴት ባለሙያ ብታገኝ ልቧ የሚያርፍ እናት ብዙ ናት። ኦሮምኛና አማርኛ የምትችል ልጅ «አይዞሽ» ብላ በቋንቋዋ ስታናግራት ፍርሃቷ ምን ያህል እንደሚቀል ገምቱት።

ራሱን የማያውቅ ሰው ነፍስ አማና ናት። ኒያውን ያስተካከለ ሰው በዚህ ሙያ ዱንያውንም አኺራውንም ያገኝበታል፣ ኢንሻአላህ። አላህ ጠቃሚ እውቀት ይወፍቀን!