ከሩጫው ሜዳ እስከ ምርመራው ክፍል

በ1983 በአሜሪካዋ ዳላስ ከተማ 800 ያህል ሰዎች ስለ ጡት ካንሰር ሮጡ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሩጫውን የጠነሰሰችው ናንሲ ብሪንከር፣ እህቷን ሱዛን ኮመንን በዚሁ በሽታ ያጣችው ከሦስት ዓመት በፊት ነበር። ሱዛን ስትሞት 36 ዓመቷ ነበር። ያ ሩጫ ውሎ አድሮ በብዙ አገሮች ተዛምቷል፤ ከበሽታው ያገገሙ ሴቶችም ሮዝ ቲሸርት ለብሰው ከፊት ይታዩበታል።

በእኔ እምነት የእንዲህ ዓይነቱ ዝግጅት ትልቁ ውለታ ይኸው ነው። ካንሰር ማለት ሞት ነው ብላ የደመደመች ሴት ለምን ትመረመራለች? ታክማ ድና የምትሮጥ ሴት በዓይኗ ስታይ ግን ሐሳቧ ይለወጣል።

ሆኖም ግንዛቤ ብቻውን ሕይወት አያተርፍም። በቻይና ሻንጋይ 266,064 የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች የተሳተፉበት ጥናት ተካሂዶ ነበር። ግማሾቹ ጡታቸውን በእጃቸው እንዲፈትሹ በደንብ ሠለጠኑ። በ2002 የወጣው ውጤት እንዳሳየው ከአሥር ዓመት ክትትል በኋላ ከሠለጠኑት ወገን በጡት ካንሰር የሞቱት 135 ነበሩ፤ ካልሠለጠኑት ወገን ደግሞ 131። ልዩነት አልመጣም። ከዚህ የምንረዳው ሯጮችን «ራስሽን ፈትሺ» ብሎ ማሰናበት እንደማይበቃ ነው። ጡቷን የምታውቅ ሴት ለውጥ ስታይ ቶሎ ሐኪም ዘንድ መሄዷ አሁንም ይጠቅማታል፤ የጎደለው ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ነው።

የማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ምርመራ ምንም ምልክት ሳይኖር በሽታውን ይፈልጋል። ጡት በሁለት ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች መካከል ለጥቂት ሴኮንዶች ይጫናል፤ ይቆነጥጣል፣ ግን ቶሎ ያልፋል። መጫኑ የተደራረበውን ሥጋ ስለሚዘረጋው ዕጢ በቀላሉ አይደበቅም፣ የሚያስፈልገው ጨረርም ያንሳል። በዚያ ቀን ዲዮዶራንት መቀባት አይፈቀድም። ውስጡ ያለው አሉሚኒየም ምስሉ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ሊሆን ይችላል፤ ጅምር ካንሰርም አንዳንዴ የሚታወቀው በእንዲህ ዓይነት ደቃቅ የካልሲየም ነጠብጣብ ነው። የወጣት ሴት ጡት ግን ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በምስሉ ላይ ነጭ ይሆናል፤ ዕጢውም ነጭ ነው። በነጭ ጋቢ ላይ የወደቀ ጥጥ እንደመፈለግ ነው። ለእነሱ ብዙ ጊዜ አልትራሳውንድ ይመረጣል።

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ቀዳሚው ነው፤ የማሞግራፊ መሣሪያ ግን ጥቂት ነው። ብዙዎች ሐኪም ቤት የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው፤ ዕጢው መጀመሪያ ላይ ስለማያም «አላመመኝም» ተብሎ ይታለፋል። እዚህ ላይ የሕንዷ ሙምባይ ተሞክሮ ተስፋ ይሰጣል። በ1998 በተጀመረው ጥናት የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች የሴቶችን ጡት በየሁለት ዓመቱ በእጃቸው መረመሩ። ካንሰሩ ቀደም ባለ ደረጃ ተገኘ፤ ከ50 ዓመት በላይ ባሉት ሴቶች ደግሞ በበሽታው መሞት 30 በመቶ ገደማ ቀነሰ።

ስለዚህ በአዲስ አበባ እንደ «ቅድሚያ ለሴቶች» ያለ ሩጫ የሚያዘጋጁ ሁሉ ከመድረኩና ከሙዚቃው ጎን የሠለጠኑ ነርሶች ያሉበት ድንኳን ይትከሉ። የተሰበሰበው ገንዘብም ለናሙና ምርመራና ለትራንስፖርት ይዋል። አጠራጣሪ ነገር የተገኘባት ሴት ስልኳ ተይዞ ክትትል ይደረግላት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ምርመራው በ60 ቀናት ውስጥ እንዲጠናቀቅ ይመክራል። የዝግጅቱ ስኬት የሚለካው በተሸጠው ቲሸርት ሳይሆን እስከ ውጤቷ በተከታተሏት ሴት ነው።

አሜሪካ የምትኖሩ እህቶች ከ40 እስከ 74 ዓመት ባለው ዕድሜ በየሁለት ዓመቱ ማሞግራም እንድትነሱ ይመከራል። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ሆኖ ኢንሹራንስ ከሌላችሁ፣ በ1990 ሕግ የተቋቋመው ፕሮግራም በየስቴቱ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ያስመረምራል፤ የአካባቢያችሁን ጤና ቢሮ ጠይቁ። የትም ብትሆኑ ግን እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም መፍሰስ ካያችሁ፣ ባያማችሁም በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂዱ።