በጠረጴዛ ቴኒስ ስለሚደርስ ጉዳትና ስለ አያያዙ

«ጠረጴዛ ቴኒስ ደግሞ ምን ይጎዳል?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እውነትም እንደ እግር ኳስ ሰው ከሰው አይላተምበትም። ኳሷ ብትሆን 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቀላል ፕላስቲክ ናት፤ ራኬቱም በተለምዶ 200 ግራም እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ ባለፈው የመኝታ ቤቶች ውድድር ከመካከላችን አንዱ ከጠረጴዛው ጥግ ያመለጠችውን ኳስ ለመመለስ ሲወረወር ነጠላ ጫማው ሊሾው ላይ አዳለጠውና ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ታጠፈ። (በነጠላ ጫማ ለምን ተጫወተ የሚለውን እንተወው፤ አብዛኞቻችን እንዲሁ ነን።) እግሩ ወዲያው አበጠ። እኛም «ወለምታ ነው» ብለን ፈረድንና ተሸክመን ወጌሻ ዘንድ ወሰድነው። ሁለት ቀን በቅቤ ታሸ። በአምስተኛው ቀን ራጅ ሲነሣ አጥንቱ ተሰንጥቆ ተገኘ። እግሩ በጄሶ ታስሮ ሲቀመጥ እኛ ለማስተማር ልምምድ ወጣን፤ እሱ ቀረ። ጥፋቱ የሱ አልነበረም፣ የኛ የደጋፊዎቹ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለመሆኑ ወለምታና ስብራት በምን ይለያሉ? በእብጠት አይደለም። ወለምታም ስብራትም ያብጣል፣ ሁለቱም ይበልዛል። በካናዳ የኦታዋ ከተማ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት አንድ ቀላል መለያ አለ፤ ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል። ይኸውም የተጎዳው ሰው ያኔውኑም ሆነ በኋላ ሲመረመር 4 እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ መነሣት አለበት ማለት ነው። እያነከሰም ቢሆን ከተራመደ እንደ ተራመደ ይቆጠራል። እንዲሁም ከቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ጎልተው የሚታዩት አጥንቶች ጫፋቸው ወይም የኋላ ጠርዛቸው፣ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ድረስ፣ በጣት ሲጫኑት አጥንቱ ራሱ ካመመ ራጅ ያስፈልጋል። ከእግር መካከል በትንሿ ጣት በኩል ጎላ ያለው አጥንት፣ በውስጥ በኩልም ከቁርጭምጭሚቱ ፊትና ዝቅ ብሎ ያለው አጥንት ሲነካ ካመመ እንደዚሁ ነው። ከነዚህ አንዱም ከሌለ ስብራት የመኖሩ ነገር እጅግ ጠባብ ነው። የኛ ጓደኛ አራት ቀርቶ አንድ እርምጃም አልሄደም። ተሸክመነው ነበር እኮ! ምልክቱ ትከሻችን ላይ ነበር፣ አላወቅነውም።

ይህን ስንል ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም። ብዙ ሰው ሐኪም ቤት በሌለበት አገር የኖረው በነሱ ነው፤ በእጃቸው ዳብሰው ውልቃትን የሚለዩም አሉ። ችግሩ ሁለት ላይ ነው። አንደኛ፣ አዲስ ጉዳት ሲታሽ ውስጥ ያለው ደም መፍሰስና እብጠት ይብሳል፤ የተሰነጠቀ አጥንትም ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ሁለተኛውና የሚያስፈራው በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ነው። እብጠቱ እየጨመረ እስሩ ሳይላላ ከቀረ ደም መሄጃ ያጣል፤ በዚሁ ምክንያት እግራቸውን ወይም እጃቸውን በቀዶ ጥገና ያጡ ሰዎች በአገራችን ሆስፒታሎች ታይተዋል። ስለዚህ ማንም ያሰረው ቢሆን ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ እስሩን ወዲያው ፈትቶ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ነገ ይሁን አይባልም።

ስብራት አለመሆኑ ከታወቀ የመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ሥራ ቀላል ነው። እግርን በትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት፣ በላስቲክ ፋሻ ሳያጠብቁ መጠቅለል፣ ሕመሙን ለማስታገስ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ ያህል ማድረግ ይበቃል። መታሸት፣ ሙቅ ውሃና አረቄ ይቅሩ። (አረቄው መቀባቱም መጠጣቱም።) «እረፍት፣ በረዶ፣ ማሰር፣ ከፍ ማድረግ» የሚለውን ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1978 ያስፋፉት አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ከብዙ ዓመታት በኋላ በረዶም ረጅም እረፍትም ፈውስን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ራሳቸው ጽፈዋል። ቅዝቃዜ ሕመም ያስታግሳል እንጂ ጅማት አይጠግንም።

ጅማትን የሚያጠነክረው ልኩን ያወቀ ሥራ ነው። ሕመሙ በፈቀደ መጠን ቶሎ መራመድ፣ ከዚያ በተጎዳው እግር ብቻ መቆም፣ ሲለምዱት ዓይንን ጨፍኖ መቆም፣ ቀጥሎ በጣት ጫፍ መነሣትና መውረድ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሕመሙ ሲጠፋ «ድኛለሁ» ብለን ራኬት እናነሣለን። ሕመም ከጅማቱ ቀድሞ ይድናል። ስለዚህ መመዘኛው ሕመም ሳይሆን ጤነኛው እግር ይሁን። በሱ 10 ጊዜ ከዘለልን በተጎዳውም 10 ጊዜ ሳንንገዳገድ መዝለል አለብን። ቀላል ወለምታ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ሊሻል ይችላል፤ ጅማቱ የተበጠሰ ግን 6 ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

የክንድ ጉዳት ደግሞ እንደ እግር በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ ሾልኮ ነው የሚገባው። ራኬቱን እንደ ዶማ እጀታ አጥብቀን ይዘን፣ በየማታው ሁለት ሦስት ሰዓት ስንመታ ስንመልስ፣ ከክርን በውጭ በኩል ያለው ጅማት ይደክማል። ፎጣ ስንጨምቅ ወይም ባልዲ ስናነሣ ይታወቀናል። መድኃኒቱ ክንዱን በፋሻ አንጠልጥሎ መክረም አይደለም። ጨዋታውን ቀንሶ፣ ክንዱን ዴስክ ላይ አስደግፎ፣ መዳፍን ወደ ታች አድርጎ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ መያዝ፤ በሌላው እጅ አግዞ የእጅን አንጓ ወደ ላይ ማንሣት፣ ከዚያ ያለ እገዛ በዝግታ ማውረድ። ይህን 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ለሳምንታት። ትንሽ ቢያም አያስደነግጥም፣ በማግስቱ ከባሰ ግን ክብደቱ ይቀነስ። መርፌ የሚጠይቁም አሉ። የስቴሮይድ መርፌ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም በጥናት እንደታየው ከዓመት በኋላ መርፌውን ከወሰዱት ይልቅ ያልወሰዱት የተሻለ ሆነው ተገኝተዋል።

ትከሻም እንደዚሁ ነው። ክንድን ከትከሻ በላይ ማንሣት ሲያም ለሌላው ሰው ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለኛ ግን የጥቁር ሰሌዳው የላይኛው መስመር እዚያ ነው ያለው። አንዲት ጓደኛችን በልምምዱ ጊዜ አርእስቱን ሰሌዳው መካከል ስትጽፍ ገምጋሚው ምክንያቷን ሳይጠይቅ ነጥብ ቀነሰባት።

ቻይናዊው ማ ሎንግ እ.ኤ.አ. በ2019 ጉልበቱን በቀዶ ጥገና ታክሞ በ2021 በቶኪዮ ኦሎምፒክ በነጠላ ወርቅ አግኝቷል። በመካከሉ ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል። የኛው ሰው ጄሶው ከተፈታ ወዲህ ጥርሱን ሲፍቅ በአንድ እግሩ መቆም ጀምሯል፤ እስካሁን ሃያ ድረስ ቆጥሯል። ለሚቀጥለው ውድድር የተመዘገበው በነጥብ ቆጣሪነት ነው። ሸራ ጫማ ግን ከወዲሁ ገዝቷል።