ከኪቦርድ ወደ ፒያኖ

(ድምፅ፦ አንድ የፒያኖ ቁልፍ መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ በኃይል ይመታል)

ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ 52ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቁር ናቸው። ጣት ቁልፉን ሲጫን ከውስጥ በሱፍ የተለበጠ መዶሻ ክሩን መትቶ ወዲያው ይመለሳል። በቀስታ ሲነካ ለስላሳ፣ በኃይል ሲመታ ጮክ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ስልቱን እ.ኤ.አ. በ1700 ገደማ ፍሎረንስ ላይ የሠራው ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ ነው። ክላሲካል ፒያኖ የሚማር ሰው ብዙ ዓመት የሚደክመው አሥሩም ጣቶቹ ይህን የኃይል ልክ እንዲያውቁ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ግን አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በኪቦርድ ነው። ቤቴል ሰፈር ላለ ልጅም ቅርቡ እሱ ነው፤ አንዳንዱ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ዘንድ ያገኘዋል፣ አንዳንዱ በቤቱ። የተለመደው ኪቦርድ 61 ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹ ቀላል ናቸው። በእሱ የሠለጠነ እጅ ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ አውራ ጣት ይጮኻል፣ አራተኛው ጣት ይሰንፋል፣ የግራ እጁ አጃቢ ዜማውን ይውጠዋል። ጀማሪ ስኬል እየሠራ በየቀኑ ለሰዓታት የሚደጋግመው ይህን ለማስተካከል ነው። አሰልቺ ነው፤ አቋራጭም የለውም።

በትምህርት ቤት ደረጃ ዋናው በር ስድስት ኪሎ አካባቢ የሚገኘው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። የቤቴሉ ተማሪ እዚያ ለመድረስ በታክሲ ጦር ኃይሎች ወጥቶ፣ ከተመቸው ባቡር ይዞ ከተማውን ያቋርጣል። ቤቱ ፒያኖ ከሌለው ደግሞ ልምምዱ የሚያልቀው የትምህርት ቤቱ ክፍል ሲዘጋ ነው።

(ድምፅ፦ ጥቁሮቹ ቁልፎች ብቻ፣ በትዝታ ቅኝት)

ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ፒያኖ የሚመስለውን ያህል ባዕድ አይደለም። ሦስት ሆነው ከተደረደሩት ጥቁሮች ከመጀመሪያው ተነስቶ አምስቱን ጥቁሮች በተርታ የመታ ሰው ትዝታን ያገኛል። አምባሰል ከሚ ተነስቶ ነጮቹ ላይ ብቻ ይወጣል፦ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። አንቺሆዬ ግን ከነጮቹ ብቻ አይወጣም፤ ጥቁር ማስገባት ግድ ነው። ፒያኖ የማይችለው ሌላ ነገር ነው፤ መሰንቆ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ የሚያወጣውን ማስመሰል አይሆንለትም። ፒያኒስቱ ፈጣን ጌጦችንና ፔዳልን ተጠቅሞ ወደዚያ ለመጠጋት ይሞክራል።

በዚህ መንገድ ርቀው የሄዱት ፒያኒስትና የሙዚቃ ደራሲ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ነበሩ። በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ታስረው ጣሊያን ተወሰዱ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ላይ ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ሲያስተምሯቸው በቀን አራት ሰዓት ቫዮሊን፣ አምስት ሰዓት ፒያኖ ይለማመዱ እንደነበር ይነገራል። በኋላ መንኩሰው አሥር ዓመት ያህል በግሸን ማርያም ገዳም ቆዩ። የክላሲካሉ ሥልጠናና የዜማው ጆሮ በሥራዎቻቸው ውስጥ ተለይተው አይታወቁም፤ ትልቁ ነገራቸው ይህ ይመስላል። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም አረፉ።

ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ በክራር ጀምሮ ያሬድ ሲገባ፣ በ16 ዓመቱ፣ ፒያኖን ተዋወቀ። ለክላሲካል ፒያኖ እጅግ ዘግይቶ የተጀመረ ነው። ቡልጋሪያ ሶፊያ ተምሮ ሲመለስ በያሬድ አስተማረ። በኮንሰርቶቹ ሾፓንና ሹማንን ይጫወታል፤ «አምባሰል»፣ «ሰመመን» እና «እልልታ» ደግሞ የራሱ ድርሰቶች ናቸው።

(ድምፅ፦ ቃኚ ክር ሲያጠብቅ)

ከኮንሰርት በፊት ፒያኖው ይቃኛል። ከ200 በላይ ክሮች አሉት፤ አብዛኛው ቁልፍ ሦስት ሦስት ክር ስላለው አንዷ ብትረግብ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። የአዲስ አበባ ክረምት የድምፅ ገበታውን እንጨት በእርጥበት ያሳብጠዋል፣ ቅኝቱም ወደ ላይ ይወጣል። በጋው አድርቆ ያወርደዋል። ስለዚህ በነሐሴ የተቃኘ ፒያኖ ለጥር ኮንሰርት አይደርስም፤ ቃኚው እንደገና መጠራት አለበት።